አራተኛው ፎቶ

ደጀን ከተማ፣ የቢራራ ፎቶ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፤ ከገደል ወድቆ የሞተው የአስማረ ታላቅ እህት የውብዳር ለነገው አርባ የታተመላትን የወንድሟን ፎቶ ጠረጴዛው ላይ መልሳ ጥላዋለች፣ ፎቶ አንሺው ቢራራ ደግሞ በፎጣ ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠውን ካሜራውን ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶታል።

የውብዳር፦ እግሩን አምጣ ነው የምልህ!

ቢራራ፦ እትዬ የውብዳር፣ የለቅሶ ፎቶ ላይ እግር ምን ያደርጋል? ሰው የሚያየው ፊት ነው። ፊቱ ደግሞ ይኸው፣ ጥርት ብሎ ወጥቷል።

የውብዳር፦ ግማሽ ሰው ነው የሰጠኸኝ። እኔ ያሳደግሁት ሙሉ ሰው ነው።

ቢራራ፦ ለአርባ የሚሠራው እንዲህ ነው እኮ። የእማማ ጥሩወርቅንስ አያስታውሱም? እስከ ደረታቸው ነበር።

የውብዳር፦ እማማ ጥሩወርቅ የተነሱት አልጋ ላይ ተጋድመው ነው። እግራቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተህ ልታነሳ ኖሯል? የእኔ አስማረ ቆሞ ነው የተነሳው። ለሚዜነቱ ያደረገውን ጫማ የመረጥኩለት እኔ ነኝ፤ ክሩን እንኳ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ጫማውን ማየት እፈልጋለሁ።

ቢራራ፦ ታች በኩል ጥሩ አልነበረም፤ ጨልሟል። ለዚያ ነው የቆረጥኩት።

የውብዳር፦ በዚያ ጠራራ ፀሐይ?

ቢራራ፦ ጥላ ነበረበት።

የውብዳር፦ የምን ጥላ?

ቢራራ፦ ጥላ ነዋ፣ እትዬ። የዛፍ።

የውብዳር፦ እሱ የወደቀበት አፋፍ ላይ ዛፍ አለ እንዴ? እኔ አርባ ቀን ሙሉ ስመላለስበት ሣርና ድንጋይ ብቻ ነው ያየሁት።

ቢራራ፦ እዚያ ይሄዳሉ? ብቻዎን?

የውብዳር፦ የት ልሂድ ታዲያ? መቃብሩ ላይ ሄጄ እንዳላለቅስ መቃብሩ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ነው። ከብት ይረግጠዋል። ትናንት አንዲት ላም ራስጌው ላይ ተኝታ ታመነዥካለች። ተነሽ ብላት ቀና ብላ አየችኝ። እሷም እንደ ሰዉ ንቃኛለች።

ቢራራ፦ ይበቃል እትዬ፣ እባክዎ።

የውብዳር፦ የደብሩ አለቃ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? «ራሱን ለጣለ ሰው ፍትሐት አይደረግም።» ራሱን አልጣለም አልኳቸው። «ያየ ሰው አምጪ» አሉኝ። እዚያ ከነበራችሁት ውስጥ ያየው ማን ነው? ሙሽሮቹ ወደ መኪናው ወጥተዋል፤ ሌሎቹ ሚዜዎችም አብረው ወጥተዋል። አፋፉ ላይ የቀራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ አንተና እሱ።

ቢራራ፦ ለፖሊስ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ባትሪ ልቀይር ፊቴን አዙሬ ነበር። ስመለስ የለም። ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።

የውብዳር፦ ሙሽራዪቱን ይወዳት ነበር ያልከው አንተ ነህ?

ቢራራ፦ በስመ አብ! እኔ አላልኩም። ሰው ሲል ሰማሁ እንጂ።

የውብዳር፦ ሰምተህስ?

ቢራራ፦ ዝም አልኩ።

የውብዳር፦ ይወዳት ነበር?

ቢራራ፦ የምን መውደድ! የእሱ ሐሳብ ሁሉ የቢቸናዋ ነርስ ላይ ነበር። ይህን እርስዎም ያውቃሉ።

የውብዳር፦ እንዴት አላውቅ? በስልክ ሲያወራት ወጡ ይበርድበት ነበር። አንድ ቀን ሹሮ በእጁ ይዞ ሲስቅ፣ ሹሮው ሸሚዙ ላይ ፈስሶ አላወቀም። እንዲህ ያለ ሰው በሌላ ሰው ሙሽራ ምክንያት ገደል ይገባል? አንተ ይህን ሁሉ እያወቅህ ዝም ስላልክ፣ ሰዉ የመሰከርክ መሰለው።

ቢራራ፦ ፈራሁ።

የውብዳር፦ ምን?

ቢራራ፦ ምንም። እትዬ፣ ፎቶውን ይውሰዱት። ነገ እንግዳ ይጠብቅዎታል፤ ቤትዎ ሥራ አለ።

የውብዳር፦ አልወስድም። ካሜራውን አውርደውና ሙሉውን አውጣልኝ።

ቢራራ፦ ካሜራው ተበላሽቷል።

የውብዳር፦ ይሄንን በምን አወጣኸው?

ቢራራ፦ ትናንት እርስዎ ከደወሉልኝ በኋላ ትንሽ ሠርቶልኝ ነበር። እዚያው ካሜራው ላይ ቆረጥኩት፣ ፊቱን ትንሽ አበራሁት፣ ወስጄ አሳተምኩት። ከዚያ ጠፋ።

የውብዳር፦ ቢራራ።

ቢራራ፦ አቤት።

የውብዳር፦ አንተ ልጅ ሆነህ ከእኔ ቤት ስኳር ሰርቀህ ስትጠየቅ፣ እንደዚህ ነበር ጆሮህን የምታሸው። ተበላሸ ወይስ አልተበላሸም?

ቢራራ፦ አልተበላሸም።

የውብዳር፦ ታዲያ ለምን በፎጣ ጠቀለልከው? ሕፃን ነው? ሰዉም ያወራል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ጥምቀቱንም ሰርጉንም በውሰት ካሜራ ነው የሚያነሳው ይላል።

ቢራራ፦ ቢነግሩት የማይታመን ነገር ነው።

የውብዳር፦ ንገረኝ። የማይታመን ነገር ስሰማ አርባ ቀኔ ነው።

ቢራራ፦ ይፈልገዋል።

የውብዳር፦ ማን ማንን?

ቢራራ፦ ካሜራው። አስማረን ይፈልገዋል። እንደ ድሮው ካሜራ እንዳይመስልዎት፤ ይሄ ከስልክ ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተር አያስፈልገውም፤ እዚያው ያስተካክላል፣ እዚያው ይልካል። የሰርጉ ዕለት ጠዋት፣ ሙሽራው ቤት ቁርስ ስንበላ፣ አስማረ «ከእኔ ስልክ ጋር አገናኘውና ያነሳኸውን ሁሉ ወዲያው ለሩቅ ዘመዶች ልላክላቸው» አለኝ። አገናኘሁለት። ከዚያ በኋላ እኔ አንድ ባነሳሁ ቁጥር በራሱ ጊዜ እሱ ስልክ ላይ ይገባል።

የውብዳር፦ እሺ።

ቢራራ፦ አንዴ ያወቀውን ስልክ አይረሳም። ትናንት ለእርስዎ ፎቶ ብዬ ከተቀበረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስከፍተው፣ ስክሪኑ ላይ ስሙ መጣ። «አስማረ፣ እየፈለግሁ ነው» ይላል። መብራቷ ብልጭ፣ ብልጭ ትላለች። እንደምንም ፎቶውን ቆርጬ አጠፋሁት። ስተኛ ግን መብራቷ ዓይኔ ውስጥ አለች። ብልጭ ትላለች። ትፈልገዋለች።

የውብዳር፦ የእሱ ስልክ ምን ሆነ ብለህ ነው?

ቢራራ፦ ድንጋይ ላይ ደቅቋል ሲሉ ሰማሁ። የሌለ ስልክ ነው የሚፈልገው። ለዚያ ነው የጠቀለልኩት።

የውብዳር፦ እኔም እንደ ካሜራህ ነኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር እሱን እፈልጋለሁ። እኔን በፎጣ የሚጠቀልለኝ ግን የለም። በል አውርደው።

ቢራራ፦ እትዬ…

የውብዳር፦ ጫማውን ሳላይ ከዚህ ወንበር አልነሳም። ነገ አርባውን እዚሁ አንተ ሱቅ እናወጣዋለን፤ እንግዳውንም እዚህ እጠራዋለሁ።

ቢራራ፦ እሺ። እሺ ይኸው። ጫማውን አይተው ወዲያው አጠፋዋለሁ። ይኸው ፎጣው። ይኸው… ከፈትኩት።

የውብዳር፦ ቀስ በል፤ ይወድቅብሃል።

ቢራራ፦ አሁን ይጀምራል። ይኸው ስሙ መጣ። እየፈለግሁ… እየፈለግሁ… እንዴ!

የውብዳር፦ ምን ሆንክ?

ቢራራ፦ እትዬ።

የውብዳር፦ ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?

ቢራራ፦ አገኘው።

የውብዳር፦ ምኑን?

ቢራራ፦ «አስማረ፣ ተገናኝቷል» ይላል። መብራቷ ቆመች። አትብለጨለጭም። ተገናኘ! በእመቤቴ፣ በሩን ይዩልኝ፤ በሩ ላይ ሰው አለ?

የውብዳር፦ ማንም የለም።

ቢራራ፦ ከአሥር እርምጃ በላይ ከራቀ እኮ አያገኘውም! እዚሁ ቤት ውስጥ ነው ያለው። እዚሁ ነው የቆመው፣ እትዬ!

የውብዳር፦ አታጥፋው! አታጥፋው ነው የምልህ! ሌላ ምን ይላል? አንብብልኝ።

ቢራራ፦ «ሳይላክ የቀረ አንድ ፎቶ አለ» ይላል። «ይላክ?» ብሎ ይጠይቃል። አዎ የሚል አለ፣ አይ የሚል አለ። እትዬ፣ እኔ አልችልም።

የውብዳር፦ ተቀመጥ። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጥ። ሳይላክ የቀረው የትኛው ነው?

ቢራራ፦ አላውቅም።

የውብዳር፦ እሱ አጠገብህ ቆሟል እያልክ ነው የምትዋሸው?

ቢራራ፦ አራተኛው ነው።

የውብዳር፦ ስንት ነው ያነሳኸው?

ቢራራ፦ አፋፉ ላይ አራት።

የውብዳር፦ ለፖሊስ አንድ ብቻ ነው ያልከው።

ቢራራ፦ አራት ነው። ይኸው ሰማህ አስማረ? አራት ነው! እናገራለሁ፤ ብቻ አትቅረበኝ።

የውብዳር፦ ለእኔ ንገረኝ። ከመጀመሪያው ጀምረህ።

ቢራራ፦ ሁሉም ወደ መኪናው ሲወጡ አስማረ «አንዲት ለእኔ ብቻ፣ ለነርሷ የምልክላት» አለኝ። አፋፉን ጀርባው አድርጎ ቆመ። አነሳሁት። አየሁትና ከኋላው ሰማይ ብቻ ነው፤ ዓባይ አልገባም። ወንዙ ከሌለበት ምኑን ፎቶ ሆነ አልኩና ትንሽ ወደ ኋላ በል አልኩት። በእጄም አሳየሁት። ሁለተኛውን አነሳሁ። «ወንዙ ታየ?» አለኝ። አልታየም፣ ትንሽ ይቀራል አልኩት። ሦስተኛውን አነሳሁ። አሁንም «ወንዙ ታየ?» አለ፤ እየሳቀ ነው። ትንሽ፣ ግማሽ እርምጃ ብቻ አልኩት።

የውብዳር፦ አንተ አልከው።

ቢራራ፦ እኔ አልኩት። እሱ አመነኝ። ዞር ብሎ እንኳን አላየም፤ እኔ እያየሁለት መስሎት ነው። እኔ ደግሞ በካሜራው ውስጥ ወንዙን ነበር የማየው።

የውብዳር፦ ቀጥል።

ቢራራ፦ ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ከዳው። እጁን ዘረጋልኝ። እንዲህ፣ ሁለቱንም። ከእኔ ሦስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ብወረወር እይዘው ነበር ይሆናል። ይሆናል ነው የምልዎ፤ አላውቅም። እጄ ግን ካሜራው ላይ ነበረች። ጣቴ… ጣቴ ተጫነች፣ እትዬ። እሱ እጁን ሲዘረጋልኝ እኔ ፎቶ አነሳሁት። ፈልጌ አይደለም! ቀኑን ሙሉ ስጫን የዋለች ጣት ናት፤ በራሷ ነው የተጫነችው። አራተኛው ያ ነው።

የውብዳር፦ ወይኔ ወንድሜን። ወይኔ ወንድሜን።

ቢራራ፦ ይምቱኝ። ምን አለ ቢመቱኝ?

የውብዳር፦ ለምን አልሰረዝከውም?

ቢራራ፦ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። ትናንትም ጣቴን አስጠግቼ ነበር። ግን እጁን ዘርግቶ እኔን እያየ፣ እንዴት አድርጌ? ያን ዕለት አልያዝኩትም። ዛሬ ደግሞ ብሰርዘው፣ በገዛ እጄ የገፋሁት ያህል ሆነብኝ።

የውብዳር፦ ታች በኩል የቆረጥከው ጥላስ?

ቢራራ፦ የዛፍ ነው ብዬዎት…

የውብዳር፦ ዛፍ እጅ አለው? ፀሐይዋ ከኋላህ ነበረች። ሣሩ ላይ የወደቀው የአንተ ጥላ ነው። ቀኝ እጅህን ወደ ፊት ዘርግተህ ሂድ፣ ወደ ኋላ ሂድ ትለዋለህ። ጥላህ የእሱ ጫማ ድረስ ደርሷል።

ቢራራ፦ እንዴት አወቁ? ይህን ፎቶ እኮ ሰው አላየውም! ሙሉውን ከእኔ በቀር ያየው የለም!

የውብዳር፦ ይኸው ቦርሳዬ። ይኸው ስልኩ።

ቢራራ፦ የእሱ?

የውብዳር፦ የእሱ። ፖሊሶቹ ከልብሱ ጋር በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ደብረ ማርቆስ ድረስ ወስጄ መስተዋቱን አስቀየርኩት። ለሌላ አልነበረም፤ የሳቀበት አንድ ፎቶ ባገኝ ብዬ ነው። የሚከፈትበትን ቁጥር አውቀዋለሁ፤ እናታችን የሞተችበት ቀን ነው። ስከፍተው አፋፉ ላይ የተነሳውን ሦስት ፎቶ አገኘሁ። እየሳቀ፣ እየሳቀ፣ እየሳቀ። በሦስቱም የአንተ ጥላ አለበት።

ቢራራ፦ አስማረ አይደለም እንግዲህ። አስማረ እዚህ የለም።

የውብዳር፦ የለም። ምነው በነበረ! መንፈሱም ቢሆን ቆሞ ባየሁት! ሦስቱን ይዤ አለቃው ዘንድ ሄድኩ። አዩና አዘኑ፤ ግን «እየሳቀም ራሱን የሚጥል አለ፣ ልጄ» አሉኝ። ያን ጊዜ ስልክ ሠሪው ያለኝ ትዝ አለኝ። «አንድ ፎቶ ሳይገባ ተቋርጦበታል። ካሜራው ተከፍቶ ስልኩ አጠገቡ ከሆነ፣ ካቆመበት ይቀጥላል» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ነው ላንተ የደወልኩት። ትናንት ከፍተህ ስትቆርጠው እኔ ቤቴ ነበርኩ፤ ስልኩም እኔ ጋ ነበር። ዛሬ ስልኩን ከፍቼ ይዤ መጣሁ።

ቢራራ፦ እግሩን አምጣ ያሉኝ…

የውብዳር፦ ካሜራውን እንድትከፍት ነው። ጫማውንማ በልቤም አውቀዋለሁ።

ቢራራ፦ አሁንም «ይላክ?» እያለ ነው።

የውብዳር፦ ይጠይቅሃላ።

ቢራራ፦ ይህ ከወጣ እኔ ምን እሆናለሁ? ለፖሊስ ዋሽቻለሁ። ሚስቴ፣ ልጆቼ… ከተማው ምን ይለኛል? ማን ነው ከእንግዲህ ፊቱን ለእኔ ካሜራ የሚሰጠው?

የውብዳር፦ አላውቅም።

ቢራራ፦ ይቅር ይሉኛል?

የውብዳር፦ እሱን አትጠይቀኝ። አስማረ ቢሆን ገና ሳትጨርስ ይቅር ይልህ ነበር፤ ሞኝ ነው፤ ያመነህም ሞኝ ስለሆነ ነው። እኔ ግን ዛሬ ጠልቼሃለሁ። ነገንም አላውቅልህም።

ቢራራ፦ ቢቀሙኝ ይሻል ነበር። ይውሰዱና ይጫኑት። ይኸው።

የውብዳር፦ አልነካውም። እኔ የካሜራ ነገር አላውቅም። አይ ብትልም አልከለክልህም፤ ብትሰርዘውም አልታገልህም። ስልኩን ይዤ እወጣለሁ፤ ነገ አርባውን ያንን ግማሽ ፎቶ ሰቅዬ አወጣለሁ፤ እሱም ላም ከሚተኛበት ይተኛል። ውሳኔው ያንተ ነው።

ቢራራ፦ እትዬ።

የውብዳር፦ አቤት።

ቢራራ፦ ጣቴ አልታዘዝ አለችኝ። ያን ዕለት ሳላዛት ተጫነች፤ ዛሬ አዝዣት እምቢ አለች።

የውብዳር፦ ጊዜ ውሰድ። እሱ አርባ ቀን ጠብቋል።

ቢራራ፦ አስማረ፣ ወንድሜ… እንካ።

የውብዳር፦ ተጫንክ?

ቢራራ፦ ተጫንኩ። ደረሰ?

የውብዳር፦ ቆይ። እየገባ ነው። ከላይ ሰማዩ መጣ… ፀጉሩ መጣ… ወይ ዓይኑ! ወይ ወንድሜ፣ ዓይኑን ተመልከትልኝ!

ቢራራ፦ አላይም። እትዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ከኋላው… ወንዙ ታየ?

የውብዳር፦ ወንዙ አልታየም፣ ቢራራ። የታየው እጁ ነው፤ ሁለቱም እጁ፣ ወደ አንተ። በል ካሜራውን አንገትህ ላይ አድርግና ተነስ፤ አለቃው ለሠርክ ጸሎት ሳይገቡ፣ ያየው ሰው ይኸው እኔ ነኝ ትላቸዋለህ።